ቤዟ የያዘችው ቦታ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ ጋሼ፣

ከሩቅ ሆኜም ቢሆን በሰላምታ ልቅደም። እንዴት ሰነበቱልኝ? ወገብዎስ ተሻለው? ጆሮዎ ስልክ አልሰማ ካለ ወዲህ እኔም እጄ መጻፍ ለመደ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፣ ሥራው አለ፣ ጤናዬም ደህና ነው፤ ለሁሉም ፈጣሪ ይመስገን።

ሥራዬን ያውቁታል። ሰው በኢንተርኔት ሊሸጠው ያሰበውን ያረጀ የሙዚቃ መሣሪያ እየፈታሁ፣ ይሄ እውነተኛ ነው፣ ያ ተመሳስሎ የተሠራ ነው ብዬ መፍረድ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ ብሎን ስመረምር እውላለሁ። ታዲያ ባለፈው ሳምንት ምሳዬን እየበላሁ ስልኬ ላይ የሽያጭ ማስታወቂያ ሳይ አንዲት የድሮ ቤዝ ጊታር ብቅ አለች። ምሳዬን ትቼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጎላሁ።

ጋሼ፣ የአባዬ ቤዝ ናት።

አዎ፣ አውቃለሁ፤ የአባዬ ቤዝ መሬት ውስጥ ናት። የሚጫወትበት ባንድ የተሳፈረበት ጀልባ ሐይቁ ላይ የተገለበጠ ጊዜ ቤዟ በሣጥኗ ተንሳፋ ወጣች፣ እሱ ግን አልወጣም። ዋናተኞቹ ፈልገው ፈልገው ሲተዉት "ቤተሰብ የሚቆምበት መቃብር ያስፈልገዋል" ብለው ቤዟን በሬሳ ሣጥን ከተው በሱ ፋንታ ያስቀበሯት እርስዎ ነዎት። ለቀባሪው ሬሳው ተገኘ ተባለ፤ እውነቱን የምናውቀው እርስዎ፣ እማዬና እኔ ብቻ ነን። እማዬ ደግሞ "እኔ ለእንጨት አላለቅስም" ብላ በሯን ዘግታ ቀረች። እስከ ዛሬም እንባ አልወጣትም። ሰው ሲጠይቃት "ሥራ ሄዷል" ትላለች።

ፎቶዎቹን አትሜ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ስንቱን ቤዝ አገላብጬ የምፈርድ ሰው በዚች ግን ዓይኔን አላመንኩትም። ስትሰበር ስትጠገን እጅዎ ላይ የኖረች እቃ ናትና በምን በምኗ እንደምለያት ይንገሩኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ እርስዎም አደራ።

ልጅዎ፣ ሽቦ


ኅዳር 2

ለልጄ ለሽቦ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ። እኛ አለን። እናትሽ ደህና ናት፤ እንደ ልማዷ ትቆጣኛለች፣ ከተቆጣች ደግሞ ጤነኛ ናት ማለት ነው። "ሽቦ" ያልኩሽ በቅጥነትሽ ነበር፤ አሁን በፎቶው ሳይሽ ኬብል ሆነሻል፣ እሰየው።

ወደ ነገርሽ ልምጣ። ፋብሪካው አንድ ቤዝ ብቻ ሠርቶ በሩን አልዘጋም። ያው ቀለም፣ ያው ቅርጽ ያላቸው እህቶቿ በየአገሩ ተበትነዋል። አባትሽ ከጠፋ ወዲህ እኔ ራሴ ስንቴ መንገድ ላይ የማላውቀውን ሰው ትከሻ ይዤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ መሰለሽ። ናፍቆት ነው፣ አይፈረድብሽም።

ነገሩ እንዳይከነክንሽ ግን ምልክቶቹን ልንገርሽ። አንደኛ፣ ካታሎግሽን ዝጊው። የአባትሽ ቤዝ ግማሽ ሰውነቷ የኔ ሥራ ነው፤ ሁሉ ነገሯ የፋብሪካ ሆኖ ከተገኘ የሱ አይደለችም። የኋላ ክዳኗን ያስከፍቱልሽ። ድምፅ እንዳይረብሻት ውስጧን የሻይ ቅጠል መጠቅለያ በሆነው ብልጭልጭ ወረቀት ለብጬዋለሁ። ብየዳዬን ታውቂዋለሽ፤ የማቀልጠው ስታኞ ሲደርቅ መጨረሻው ላይ ጭራ ያወጣል። ያስተማረኝ ሰውዬ "አሁንም አይጥ በየድክ" እያለ ይሰድበኝ ነበር፣ ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። የክዳኑ ብሎኖች ላይ ደግሞ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ተደርጓል። ማንኛውንም እቃ ሠርቼ ስዘጋ እንደማደርገው ነው፤ ሌላ እጅ ከነካው ቀለሙ ይሰነጠቅና ያጋልጠዋል። የእናትሽን ቀለም እየሰረቅሽ የምትቀቢልኝ አንቺ ነበርሽ። የሬሳ ሣጥኑን ብሎኖች እንኳ ማንም ሳያዝሽ ቀብተሻቸዋል፤ ያን ቀን ተይ የሚልሽ አንጀት ከየት ይምጣ።

ሌላው፣ የክሮቹን ድምፅ ከሚስበው ማግኔቷ በላይ አውራ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ቫርኒሹ አልቆ እንጨቱ ጎድጉዷል። ከታች በኩል ሐይቁ የተወባት የውሃ ልክ አለ፣ የፈሰሰ ሻይ ይመስላል። ይሄ ሁሉ አንድ ላይ አይገኝም። አንዱ ሲጎድል ትቺውና ሥራሽን ሥሪ።

የኛ ወሬ ደግሞ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ መቃብሩ ሊነሳ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ "ዘመዶቻችሁን አንሱ" ብሎ አጥሩ ላይ ለጥፏል። እናትሽን ባማክራት "እንጨቱን ለማገዶ ስጠው" አለችኝ። እኔ ግን ለወንድሜ አዲስ ቦታ ልገዛ አስቤያለሁና ብታግዢኝ። አጉሊ መነጽርም ብትልኪልኝ፤ አሁን አሁን ብሎንና ጉንዳን መለየት እያቃተኝ ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 24

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣

ጤና ከነሙሉ ቤተሰብዎ ይስጥልኝ። መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፣ ለመቃብሩም የሚሆን በባንክ አስገብቻለሁ። ጉንዳኖቹን እንዳይበይዷቸው አደራ።

ሻጩን አገኘሁት። ሰው ሲሞት የቤት እቃውን ጠቅልሎ የሚገዛ ነጋዴ ነው። ክዳኗን በቪዲዮ እየተቀረጸ እንዲከፍትልኝ ለመንኩት፣ እሺ አለ። ጋሼ፣ ወረቀቱ አለ፤ የሻይ ቅጠሉ ሥዕል ሳይቀር ይታያል። አይጦቹም አሉ፣ ጭራ ጭራቸውን አሰልፈው። የአውራ ጣቱ ጉድጓድም፣ የውሃው ልክም ባሉት ቦታ አለ። ቀዮቹ ጠብታዎች ደግሞ ደህና ነበሩ። ነጋዴው በካቻቪቴ ሲሰብራቸው ቪዲዮው ላይ አየሁ። ከኛ ወዲህ የከፈታት ሰው የለም።

አብሮኝ የሚሠራው፣ ሁላችንም "ዳኛው" የምንለው ሰው፣ ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ አየና "ይቺማ ከስንቱ ቤዝ የተለቃቀመች ናት፣ ሐሰተኛ ብለሽ ጻፊባት" አለኝ። ሳቅኩ፤ ከሳቅኩ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ያልገጠመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት የድምፅ ማዞሪያዎች ነበሯት፣ እዚህ አንዷ የለችም። ባዶው ብረት ብቅ ብሎ ይታያል። እርስዎም ስለዚህ አልጻፉልኝም።

ልቤ ያለውን ልናገር። እዚያ ውስጥ ቤዝ እንዳለ የማያውቅ ሌባ ያንን መቃብር አይቆፍርም። አባዬ ግን ቤዙን የትም ቢደብቁበት ያገኛታል። አምልጦ ቢሆንስ? አንድ ቦታ ወድቆ ታሞ፣ ኋላ ተነስቶ፣ ከኛ አፍሮ ቢሆንስ? እማዬ ይህን ሁሉ ዘመን ልክ ብትሆንስ? ትልቅ ሰው ሆኜ እንዲህ ተስፋ ማድረግ ያሳፍረኛል፣ ግን አድርጌያለሁ። ቶሎ ይመልሱልኝ።

ሽቦ


ጥር 14

ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? መነጽሩ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። መልሴ የዘገየው አሞኝ አይደለም። ጽፌ እቀድዳለሁ፣ ጽፌ እቀድዳለሁ።

ስለ ማዞሪያዋ አውቄ ነው የተውኩት። ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት፣ አንቺ ቀለሙን ልታመጪ ስትሄጂ፣ አንዷን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ለእናትሽ ወስጄ "የሱ ጣት የኖረባት ናት፣ ያዣት" ብላት ወረወረችብኝ። ስወጣ ግን በመስኮት ዞር ብዬ ሳይ ከመሬት ታነሳታለች። የልብስ ስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ናት፤ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ክር የምፈልግ መስዬ ከፍቼ አይቻታለሁ። እንግዲህ ይህን ከእናትሽና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አስመስሎ የሠራት ሰው ካለ ሁለት ማዞሪያ ያደርግላታል፣ ያን ጊዜ ይለይለታል ብዬ ነበር። አንድ ሆና መጣች።

በማግስቱ መቃብሩ ሄድኩ። ከላይ ያፈሰስኩት ሲሚንቶ እንዳለ ነው። ያኔ ሳይደርቅ የረገጠችው ድመት ዱካ እንኳ አልጠፋም፣ ጠርዙን ሣር ይዞታል። ቆፈሩት ብዬ የምጠረጥርበት አንዲት ስንጥቅ አጣሁ። ሳልሄድ ጎንበስ ብዬ እጄን አሳረፍኩበት። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ግራና ቀኙ ያሉት መቃብሮች እንደ ምጣድ ግለዋል። የሱ ግን እርጥብ ነበር። ጥበቃውን "ማን ነው ውሃ የሚያጠጣው?" ብለው "ደግሞ መቃብር ያድጋል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ልጄ፣ አትግዣት። ፈራሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ መደበቅ አልችልም፣ ፈራሁ። ምንም አትላኪልኝ፣ ምንም አልጎደለኝም። አንድ ነገር ብቻ ነጋዴውን ጠይቂልኝ፦ ማን ነው ያመጣለት?

አጎትሽ


የካቲት 3

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣

ሰላም ጤና ለእርስዎ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው ያንብቡት፤ እኔ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ መቀመጥ አልቻልኩም።

ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ ከባቡር ድልድይ ሥር ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር የተሰቀሉት ኩባያዎች ይንቀጫቀጫሉ። እግር ማሳረፊያ የለም፤ አልጋ በአልጋ ላይ፣ ወንበር በወንበር ላይ፣ የሰው ሙሉ ኑሮ ተገልብጦ ተደራርቧል። ነጋዴው ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ወሬኛ ሰው ነው፣ ሳልጠይቀው ጀመረልኝ።

"ያመጣት ሰውዬ ገና ሱቅ ስከፍት በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት" አለኝ። "ሲራመድ ጫማው ጭልቅ ጭልቅ ይላል፤ ውጭ ደግሞ ጠብታ ዝናብ የለም። ወለሌን አበላሸብኝ። ስንት ትላለህ ብለው 'ገንዘቡ ይቅርብኝ፣ የያዘችውን ቦታ ከለቀቀችልኝ ይበቃኛል' አለኝ። ቤቱ ቢጠበው ነው ብዬ ተውኩት። እዚህ የሚመጣው ሁሉ ቤት የጠበበው ነው።"

"ምን ይመስላል?" አልኩት።

"እንደ ሰው ነዋ! ረዥም ነው፣ ደክሞታል። ሲያወራ በአውራ ጣቱ ጠረጴዛዬን ቀስ እያለ ይመታል፣ ዘፈን እንደያዘው ሰው። አንዷ ማዞሪያ የታለች ብለው 'ቤት ናት፣ መሳቢያ ውስጥ' አለኝ። ተቀመጥ ብለውም 'የለም፣ መተኛት ነው የምፈልገው' ብሎ ወጣ።"

መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ጋሼ! ደብዳቤዎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የሞተ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜውን ብጠይቀው "ከአንቺ ቢበልጥ ትንሽ ነው" አለኝ። እንግዲህ ነጋዴው የወንበር ዕድሜ እንጂ የሰው ዕድሜ መገመት አይችልም፤ አባዬ አሁን ሽማግሌ መሆን አለበት። ይህን አልሰማሁም ብዬ አለፍኩት።

አትግዣት ብለውኝ ነበር፣ ገዛኋት። ይቅር ይበሉኝ። ቤት ወስጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። እንጨቷ ይቀዘቅዛል፣ ክሮቿ ግን የተቃኙ ናቸው። አውራ ጣቴን ሳሳርፍ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ልጅ ሆኜ በሱ ጣት ላይ የኔን ደርቤ የማሳርፍበት ቦታ ነው። ባዶውን ብረት በጥፍሬ አዙሬ ድምፅ ከፈትኩላት። አንዴ ብቻ መታኋት። ጎረቤቴ ግድግዳ አልደበደበም፣ እኔም ሁለተኛ አልደገምኩም።

አሁን ፍርዴን ልንገርዎ፦ ቤዟ እውነተኛ ናት። እሷ እዚህ ካለች ሣጥኑ ባዶ ነው። ሰው አላየውም እንጂ አባዬ አውጥቷታል፣ አባዬ አለ ማለት ነው። መቃብሩ መነሳቱ ካልቀረ እማዬን ይዘዋት ይሂዱ፣ በፊቷ ይክፈቱት። ባዶ መሆኑን በዓይኗ ትይ። ይህን ሁሉ ዘመን እብድ ናት ያላት ሁሉ እንዲያፍር አይደለም፣ እንድትደሰት ብቻ ነው። እኔ እዚህ በየመንገዱ እፈልገዋለሁ።

ሽቦ


መጋቢት 1

ለልጄ ለሽቦ፣

ፈጣሪ ያጽናሽ። ሰላምታ አላበዛም፤ ብቻሽን ከሆንሽ ግን ያን ዳኛ የምትሉትን ሰው ጥሪውና አጠገብሽ እያለ አንብቢ።

እንዳልሽው እናትሽን ይዣት ሄድኩ። ደብዳቤሽን ሳነብላት አልደነገጠችም። "እኔ ስላችሁ" ብላ የክት ቀሚሷን ለበሰች፣ ጥፍሯንም ቀባች፤ ያንኑ ቀይ። መንገድ ላይ "ሲመጣ የሚተኛበትን አልጋ ማስጠገን አለብን" ትለኝ ነበር።

ቆፋሪው ሲሚንቶውን በመዶሻ ሰብሮ ወረደ። ሣጥኑን በገመድ ሊስቡ ሲሉ አቃታቸው። ያኔ የተዘጋውን ሣጥን እኔና የሠራው አናጢ ሁለት ሆነን ነው ተሸክመን የወሰድነው። አሁን ጥበቃውም ተጨምሮ፣ መንገደኛም ተለምኖ ነው የወጣው። ባዶ ነው ያልሽው ሣጥን እንዲህ ከበደ።

መነጽርሽን አድርጌ ብሎኖቹን አየሁ። ሁሉም ላይ ቀዩ ጠብታ አለ። አንዳንዱን አብዝተሽው እንባ ይመስል ወደ ጎን ፈስሷል። አንዲት ስንጥቅ የለም። ከአንቺ ጣት በኋላ ያን ሣጥን የነካ ሰው የለም። በካቻቪቴ አንድ በአንድ ሰበርኳቸውና ክዳኑን አነሳሁት።

ሰው ነው ያለበት።

አጥንቱ ነው የቀረው፤ በጎኑ ተኝቷል። ቤዟ ረዝማ አልገባ ስትለኝ በጎኗ አድርጌ አንገቷን ወደ ጥግ አዘንብዬ ነበር ያስተኛኋት። እሱም እንዲያው ነው፣ ራሱን ወደዚያው ጥግ አዘንብሎ። የሣጥኑ ወለል እርጥብ ነው። መቃብሩ ቀይ አፈር ነው፣ ከአጥንቱ ሥር ያለው ግን ነጭ የሐይቅ አሸዋ ነው።

አንቺ ቤዟን ስትመረምሪ ከርመሻል፣ እኔም እንደዚያው መረመርኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ቀበቶው ዘለበት ላይ ጎንበስ አልኩ። ጀልባው ላይ ሊሳፈር በዋለበት ጠዋት ዘለበቱ ተሰብሮበት "ቶሎ በልና በይድልኝ፣ ሱሪዬ መድረክ ላይ ሊያዋርደኝ ነው" ብሎኝ ነበር። ስታኞው አለ። ጭራው አለ። እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ።

እናትሽ ትከሻዬን ገፍታ አለፈችኝ። ብዙ አየችው። "ከየት መጣ?" አላለችም፣ "ማን አስገባው?" አላለችም። "ደክሞት ነበር" አለች። ከዚያ አለቀሰች፣ ልጄ። ይህን ሁሉ ዘመን አጠራቅማ የያዘችውን አለቀሰች፤ ቆፋሪው አካፋውን ጥሎ ዞር አለ። እኔም ወንድሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀበርኩ። ገንዘብሽ ለአዲሱ ቦታ በቅቷል፣ ከፍ ያለና ደረቅ ነው።

ተስፋ ያደረግሽው ሌላ እንደነበር አውቃለሁ። በየመንገዱ መፈለግሽን ግን ተይው፤ ቤቱ ገብቷል።

እናትሽ ቤት ስንመለስ ቀጥ ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። ማዞሪያዋ በጨርቅ ተጠቅልላ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለች። በብሎን አጥብቂያት፣ የጥፍር ቀለም ጠብ ማድረጉን አትርሺ። "ትግጠምላት፣ ድምፁንም ከፍ አድርጋ ትምታለት" ብላለች እናትሽ፤ "እኔ ከእንግዲህ የምጠብቀው ሰው የለም።"

አጎትሽ